ለማን ነው የሚገዙት?

2022 መጨረሻ ላይ ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እሠራ ነበር። ለፈረንጆቹ ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሱቁ ጢም ብሏል። አንዲት እናት ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ገቡ። ዐይናቸው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አልፎ እኔ ላይ ቆመ።

«አበሻ ነህ አይደል የኔ ልጅ?»

«ነኝ እትዬ። ምን ላግዝዎት?»

ከቦርሳቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። አዲስ አበባ ላለው የእኅታቸው ልጅ ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ካለፈ ጌም እገዛልሃለሁ ብለው ቃል ገብተውለት ነበር። አለፈ። የሚፈልገውን በቴሌግራም ጻፈላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወረቀት ላይ ገለበጡት። የተጻፈው የአንድ ኮንሶል፣ ማለትም የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ማሽን፣ ስም ነው። ግን ሙሉ ስሙ አልነበረም። በዚያ ስም የሚጠሩ ሦስት ሣጥኖች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል።

«የትኛውን ነው እትዬ?»

«እንዴ፣ ስንት ዓይነት አለው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ከአሜሪካዊ አያቶች ሰምቻለሁ፣ ከኤል ሳልቫዶር ከመጡ አባቶች ሰምቻለሁ። እሳቸው ሲጠይቁኝ ግን በአማርኛ ስለሆነ ነው መሰለኝ ልቤ ውስጥ ገባ። ኮንሶል የሚሠሩት ኩባንያዎች እኚህን ሴት ያውቋቸዋል ወይ? ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

የኮንሶል ገዢ ሁለት ዓይነት ነው ይባላል፤ የሚያውቅና የማያውቅ። እኔ የሚያውቀው ወገን ነበርኩ። አዲስ ኮንሶል ሲተዋወቅ ሌሊት ቁጭ ብዬ አያለሁ። የሜሞሪውን መጠን፣ የዲስኩን ፍጥነት በቃሌ እይዛለሁ። ሱቁ ውስጥ እንደኔ ያለ ገዢ ሲመጣ በሁለት ደቂቃ እንግባባለን።

የማያውቅ የሚባለውን ግን ቃሉ ራሱ ይበድለዋል። እትዬ በርበሬ ሲገዙ ማንም አያታልላቸውም። ወርቅ በእጃቸው መዝነው ያውቃሉ። ጌም የማያውቁት ጌም ስለማይጫወቱ ነው። የሚገዙት ለሌላ ሰው ነው። የሚከፍለው አንድ ሰው፣ የሚጫወተው ሌላ ሰው። የታኅሣሥ ገበያ በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚሄደው። የማያውቀው ገዢ ማለት ብዙ ጊዜ ለሚወደው ሰው የሚገዛ ሰው ነው። ይህን የተረዱ ኩባንያዎች ታሪክ ሠርተዋል። የረሱት ደግሞ ከባድ ዋጋ ከፍለዋል።

ከሁሉ በፊት 1985ን አነሳለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1983፣ የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ወድቆ ነበር። መደርደሪያው በማይረባ ጌም ተጥለቅልቆ ነበር። ለልጁ ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ ዕቃ) የገዛ ወላጅ ቤት ሲደርስ የሚያገኘው ቆሻሻ ነበር። ከሣጥኑ ላይ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሰው መግዛቱን ተወ። የጌም ኩባንያው አታሪ ያልተሸጡ ካርትሪጆቹን በመኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው። በ2014 ቁፋሮ ተደርጎ ከፊሎቹ ወጥተዋል። የሱቅ ባለቤቶችም ቪዲዮ ጌም የሚባል ነገር መስማት አልፈለጉም።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኮንሶሉን ይዞ አሜሪካ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ይባል ነበር፤ ቀይና ነጭ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል። ለአሜሪካ ግን ቅርጹን ቀየሩት። ግራጫ ሣጥን አደረጉት። ካርትሪጁ እንደ ቪዲዮ ካሴት ከፊት ለፊት እንዲገባ አደረጉ። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻን እያንዳንዱ ወላጅ ያውቀዋል፣ አይፈራውም። ስሙንም ቪዲዮ ጌም አላሉትም፤ የመዝናኛ ሥርዓት አሉት። ሮብ የሚባል ትንሽ ሮቦት ጨመሩበትና የአሻንጉሊት ገበያ ውስጥ አስገቡት። በ1985 መከር ኒው ዮርክ ላይ ሲሞክሩት ለሱቆቹ ያልተሸጠውን መልሰን እንወስዳለን አሉ። ጌሞቹ ላይ ደግሞ የጥራት ማኅተም ለጠፉ።

ያ ማኅተም ጌሙ ደስ ይላል ማለት አልነበረም። ኩባንያው አይቶታል፣ በዚህ ማሽን ላይ ይሠራል ማለት ብቻ ነው። ለአንዲት እናት ግን ይበቃታል። ጌሙን ማወቅ አይጠበቅባትም፤ ማኅተሙን ማየት ብቻ ነው። እንደኔ ያለው ገዢ ስለ ማኅተሙ ግድ የለውም። የተሠራው ለእሷ ነበር። (ያ ከፊት የሚገባ ካርትሪጅ ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ቶሎ ይደክሙ ነበር። አንድ ትውልድ ሙሉ ካርትሪጅ እያወጣ እፍ ሲል ያደገው በዚህ የተነሳ ነው። እናትን ላለማስፈራት ሲባል ልጁ እፍ ሲል ኖረ።)

ይኸው ኩባንያ በ2006 ደገመው። ሶኒ ያን ዓመት ፕሌይ ስቴሽን 3ን በ499 እና በ599 ዶላር አወጣ። ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን ኮንሶል በ249.99 ዶላር አወጣ። በጉልበት ዊ አይወዳደርም። የሚያውቀው ገዢ አፌዘበት። ግን በእጅ የሚያዘው መጫወቻው የቴሌቪዥን ሪሞት ይመስላል፤ ስሙም ሪሞት ነው። ቴኒስ መጫወት ከፈለግህ እጅህን ትወነጭፋለህ፣ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ የስፖርቱ ጌም ከሣጥኑ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ገዢው ሌላ ምን ልጨምር ብሎ አይጨነቅም። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አያቶች ሳሎን ውስጥ ቆመው ቦውሊንግ ተጫወቱ።

ከዚያ ደግሞ ይኸው ኩባንያ ወደቀ። በ2012 ተከታዩን አወጣና ዊ ዩ ብሎ ጠራው። በ2011 ሎስ አንጀለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩት ካሜራው ያተኮረው ስክሪን ባለው ትልቅ ጆይስቲክ ላይ ነበር። ማሽኑ ራሱ ብዙም አልታየም። እኔና መሰሎቼ አዲስ ኮንሶል እንደሆነ ወዲያው ገባን። ዊ ቤቷ ያላት እናት ግን ምን አለች? «ዊ እኮ አለን። ይሄ መለዋወጫው ነው።» ፍርዷ ፍጹም ትክክል ነው። ስሙ ያንኑ ነው የሚለው፣ ሥዕሉም ያንኑ ነው የሚያሳየው። በ2013 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ይህን አምኖ ለባለሀብቶች ተናገረ፤ አንዳንድ ሰው ዊ ዩን ዊ ላይ የተጨመረ ጆይስቲክ ብቻ አድርጎ እንደሚያየው። ቢያምንም ረፈደ። ከ101 ሚሊዮን ወደ 13.56 ሚሊዮን ወረደ።

እኔን የሚያስገርመኝ መውደቁ ሳይሆን የወደቀበት ዝምታ ነው። ዊ ዩን ያልገዛችው እናት አልጮኸችም። ደብዳቤ አልጻፈችም። ሣጥኑን አይታ አለፈች። ያለፈ ሰው ደግሞ ምን አስቦ እንዳለፈ የሚነግርህ የለም። የሽያጭ ወረቀት ላይ ያልተሸጠው ቁጥር ይታያል፤ ምክንያቱ አይታይም።

የሚያውቀው ገዢ ሲቆጣ ግን ምድር ይሰማል። ግንቦት 2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን አስተዋወቀ። ማሽኑ ቢያንስ በየ24 ሰዓቱ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ መመዝገብ አለበት ተባለ። ያገለገለ ዲስክ መሸጥና ማዋስ ላይም ገደብ ተደረገ። ዋጋው 499 ዶላር። ሰኔ 10 ላይ ሶኒ መድረክ ላይ ወጥቶ ፕሌይ ስቴሽን 4ን በ399 ዶላር አቀረበ። ያገለገለ ጌም ይሠራል፣ ኢንተርኔት ግዴታ አይደለም አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሶኒ ጌም እንዴት እንደሚያዋሱ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ለቀቀ፤ አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ያቀብለዋል፣ በቃ፣ ይኸው ነው ቪዲዮው።

በእነዚያ ቀናት የኤክስቦክስ ኃላፊ የነበረው ዶን ማትሪክ ኢንተርኔት ስለሌለው ሰው ተጠየቀ። ለእነሱ ኤክስቦክስ 360 አለን አለ። አሮጌውን ግዙ ማለቱ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ያደግሁበት ሰፈር ነበር ትዝ ያለኝ። ሰኔ 19 ማይክሮሶፍት ሁሉንም ነገር ሰረዘ። ከሶኒ መድረክ በኋላ ዘጠኝ ቀን ብቻ።

አንድ ግዙፍ ኩባንያ በዘጠኝ ቀን ሐሳቡን ሲቀይር አይቻለሁ ማለት ነው። የሚያውቀው ገዢ ድምፅ ይህን ያህል ጉልበት አለው። ያን ጊዜ ድል አድርገናል ብዬ ተደስቼ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ኩባንያው የሰማው የሚናገረውን ሰው ብቻ ነው። የማይናገረው ሰው ችግር ሳይነካ ቀረ። ማስረጃው ስሙ ነው። ኤክስቦክስ፣ ኤክስቦክስ 360፣ ኤክስቦክስ ዋን፣ ዋን ኤስ፣ ዋን ኤክስ፣ ሲሪዝ ኤስ፣ ሲሪዝ ኤክስ። የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ከስሙ መለየት የሚችለው አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው። መስከረም 2020 ሲሪዝ ኤክስ በቅድሚያ ማዘዝ በተጀመረበት ቀን አሮጌው ዋን ኤክስ አማዞን ላይ በሽያጭ ደረጃው ሽቅብ ተወነጨፈ። ስንቱ ሰው ተሳስቶ እንዳዘዘ እግዜር ይወቀው። ሶኒ በዚህ ረገድ እድሜ ይስጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ከአራት እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል።

ግን ሶኒም ቢሆን አምስትን ሁለት ቦታ ከፈለው። ሲወጣ አንዱ ዲስክ ይቀበል ነበር፣ ሌላው አይቀበልም ነበር። ማይክሮሶፍትም እንደዚሁ፤ ርካሹ ሲሪዝ ኤስ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ሣጥኑ ላይ ተጽፏል። የማያውቅ ገዢ ግን «ዲጂታል» የሚለውን ቃል ሲያነብ ዘመናዊ ማለት ነው የሚመስለው። ዲስክ አይገባበትም ማለት እንደሆነ ከየት ያምጣው? ሱቃችን ውስጥ ከገና ማግስት ጀምሮ የሚመጡትን ወላጆች አልረሳቸውም። በአንድ እጃቸው ዲስክ፣ በሌላው ደረሰኝ። ልጁ ገና ጠዋት ሣጥኑን ከፍቶ ዲስኩን የሚያስገባበት ቀዳዳ ያጣል። አንድ አባት ማሽኑን አገላብጬ አየሁት አለኝ። ተሰብሮ መስሎት ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ኩባንያዎቹ የማያውቀውን ገዢ አያውቁትም የሚለውን ነገር መጠራጠር የጀመርኩት። ያውቁታል። ከዋጋ መለያው ላይ መቶ ዶላር ሲቀንሱ ዐይኑ የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ። ዲስክ የሌለው ማሽን የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ጌም የሚያወርደው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከኩባንያው ከራሱ። ያገለገለ መግዛት የለም፣ ከጎረቤት መዋስ የለም። በ2013 በጩኸት የቀረው ነገር በርካሽ ዋጋ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ያን ያህል የጮኸ የለም፤ የሚያውቀው ሰው ባለ ዲስኩን ገዝቶ ሄዷላ። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ይህ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል።

የሚያውቀው ገዢስ አይበላም? ይበላል፣ እንዲያውም በፈቃዱ። በ2011 ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ ኮንሶል አሜሪካ ውስጥ በ249.99 ዶላር አወጣ። ገበያው ቀዘቀዘ። አምስት ወር ሳይሞላው ዋጋው 169.99 ገባ። ሰማንያ ዶላር የተቃጠሉት እነማን ናቸው? ከማንም በፊት የገዙት፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት። ኩባንያው ለእነዚህ ሰዎች ሃያ የድሮ ጌሞች በነፃ ሰጣቸው። ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ። ይህን ሁልጊዜ በክብር አነሳዋለሁ። ቢሆንም እውነቱ አይቀየርም፤ እውቀት ችኮላን አይከላከልም። እትዬ አንድ ዓመት መጠበቅ ይችላሉ። እኔ አንድ ሳምንት አልችልም። ኩባንያው ይህን ልቅም አድርጎ ያውቃል። የኒንቴንዶ አዲሱ ኮንሶል ስዊች 2 ሰኔ 2025 በ449.99 ዶላር ሲወጣ በአራት ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ሦስተኛ ዓይነት ገዢ ደግሞ አለ፤ ኩባንያዎቹ ፈጽሞ የማያውቁት። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነበር። በቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ክፍል፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ረጅም አግዳሚ። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው። ጋሼ የመግለጫ ወረቀት አንብቦ አያውቅም። ግን የትኛው ጆይስቲክ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው) ሲላላ እንዴት እንደሚጠገን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን መነቀል እንዳለበት ያውቃል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 110 ቮልት ብቻ ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ እንደሚቃጠል ያውቃል። አንድ ማሽን በቀን ስንት ልጅ እንደሚያገለግል ያውቃል። ከእሱ በላይ የሚያውቅ ገዢ እስከዛሬ አላየሁም። የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ግን ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አካውንት ለመክፈት የሚፈልግ ልጅ የሌላ አገር ሰው ነኝ ማለት አለበት።

በ2024 ሶኒ ያሳተመው ሄልዳይቨርስ 2 የሚባል ጌም ላይ በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይ ስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሊገደዱ ነበር። አገልግሎቱ የሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ዝርዝር ወጡ። ተጫዋቾች ተነሡ። ሶኒ በቀናት ውስጥ ግዴታውን ተወ። ያን ጊዜ የጮኹት ብዙዎቹ አገልግሎቱ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ለሌላው ሰው ነበር የጮኹት። የሚያውቅ ገዢ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ወደ እትዬ ልመለስ። ያን ቀን ሦስቱን ሣጥኖች ባንኮው ላይ ደረደርኩላቸው። ከመምረጣችን በፊት ግን ስለ ልጁ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው ዋይፋይ አለ? የለም፣ በስልክ ዳታ ነው። ጌም የሚሸጥለት ሱቅ፣ የሚያዋስ ጓደኛ አለው? ጓደኛ ሞልቶታል። ቴሌቪዥናቸው አዲስ ነው? እሳቸው ራሳቸው ናቸው የላኩት። እንዲህ እያልን ርካሹን ሣጥን ወደ ጎን ገፋነው። የ60 እና የ80 ጊጋባይት ጌም በስልክ ዳታ ማውረድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው «ቤት ሊሸጡ ነው?» አሉ። አዲሱንም ተውነው። የቆየውን፣ ዲስክ የሚቀበለውን መረጥን። ሁለት ያገለገሉ የኳስ ዲስኮች ጨመርንበት። ከኋላ የተለጠፈው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚለውን አሳየኋቸው። ለአበሻ ገና ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ነበራቸው፤ ሻንጣው ውስጥ ገባ።

ከመሄዳቸው በፊት ያቺን ወረቀት ተቀብዬ ጀርባዋ ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው፦

ለማን ነው?
ዲስክ ይቀበላል?
ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?
220 ይችላል?

ሱቁን ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ስልኬ ጠራ። የልጁ ታናሽ ወንድም ደርሷል፣ እሱ የሚፈልገው ስዊች 2 ነው። እትዬ ሱቅ ውስጥ ቆመው ነው የደወሉት። ወረቀቷን ይዘዋል። ሻጩን በራሳቸው እንግሊዝኛ አንድ በአንድ ጠይቀውታል። ከዲስኩ በቀር ሁሉንም አዎ ብሏቸዋል።

«ለጌሙስ ዲስክ ሳይሆን ካርድ ነው አለኝ፤ ያው ነው አይደል የኔ ልጅ?»

«ካርዱ ያለበትን ሣጥን ያዩታል? ከፊት ለፊቱ፣ ከታች በኩል፣ የቁልፍ ምልክት አለው?»

ዝም አሉ። መነጽራቸውን ሲያወጡ ሰማሁ።

«አለው።»

ስዊች 2 ላይ አንዳንዱ ካርድ ጌሙን በውስጡ አይዝም። ቁልፍ ብቻ ነው። ካርዱን አስገብተህ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርደዋለህ፤ ለመጫወትም ካርዱ ውስጡ መኖር አለበት። ሣጥኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ይህን ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እዚያው ቆመው ሌላ፣ ምልክቱ የሌለበት ጌም ፈለጉ። አገኙ።

«ቆይ፣ እስክሪብቶ ላውጣ» አሉኝ። «ይቺን ደግሞ ንገረኝና እዚሁ ልጨምራት።»